ማንን ቆጥረን ማንን ተውን? የቆሽት ካንሰርና የሜሪላንድ ተሞክሮ

የቆሽት ካንሰር ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በታላላቅ ቀዶ ሐኪሞች ስም ነው። ማን የትኛውን ስፌት ፈለሰፈ፣ ማን ስንት በሽተኛ ያለ አንድ ሞት አከታትሎ አከመ የሚል ተረክ ነው። ተረኩ ሐሰት የለበትም፤ ጎዶሎ ግን ነው። ቀዶ ሐኪሙ የሚያውቀው በሩ ላይ የደረሰውን ሰው ብቻ ነው። ጨጓራ ነው ተብሎ ወራት ያለፉበትን፣ «ዕድሜው ገፍቷል» ተብሎ ሳይላክ የቀረውን፣ መድን የሌላትን፣ ቋንቋው ያልገባትን ሴት አያውቃቸውም። እነዚህን ሰዎች በታሪክ ውስጥ ሊያስገባቸው የሚችለው የአንድን ክልል ሕዝብ በሙሉ የሚቆጥር መዝገብ ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ሁለተኛ ታሪክ ይከተላል። ማዕከሉ የሜሪላንድ ግዛት ነው፤ ምክንያቱም የቆሽት ቀዶ ሕክምና በአንድ ክልል ሕዝብ ላይ ያስከተለው ለውጥ በግልጽ ከተለካባቸው ቀዳሚ ስፍራዎች አንዷ ናት። ለብዙዎቻችንም ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ቤታችን፣ ወይም የቤተሰባችን መኖሪያ ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

በሽታው ለምን ይደበቃል?

ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ፣ ከአከርካሪ ፊት ለፊት አግድም የተኛ አካል ነው። የምግብ መፍጫ ፈሳሽ ያመነጫል፤ ኢንሱሊንም የሚወጣው ከእርሱ ነው። ካንሰሩ በቆሽት ራስ ላይ ሲነሳ በአጠገቡ የሚያልፈውን የሐሞት ቱቦ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሰውነት ያሳክካል። በአገራችን «የወፍ በሽታ» የሚባለው ምልክት ይህ ነው። በቆሽት መካከል ወይም ጭራ ላይ ሲነሳ ግን ይህ ማስጠንቀቂያ እንኳ የለም፤ ጀርባን የሚወጋ ሕመም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ክሳት ብቻ ይታያሉ። ሕመሙ ስሙን እስኪያገኝ ድረስ ካንሰሩ ወደ ጉበት መዝመቱ ወይም ዋና የደም ሥሮችን ማቀፉ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከ100 ታማሚዎች ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው የሚችሉት ከ15 እስከ 20 ያህሉ ናቸው።

ይህን ቁጥር እንያዘው። ስለ ቀዶ ሕክምና ውጤት የሚነገረው ሁሉ የሚመለከተው እነዚህን ጥቂቶች ነው፤ ሰማንያው ወዴት እንደሄደ የሚነግረን ሌላ መዝገብ ያስፈልጋል።

ከበርሊን እስከ ኒው ዮርክ

በ1898 ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ኮዲቪላ የቆሽትን ራስ ከትንሹ አንጀት መነሻ ጋር ቆርጦ ለማውጣት ሞከረ፤ ታማሚው ከሳምንታት በኋላ ሞተ። በዚያው ዓመት በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ዊልያም ሃልስቴድ የሐሞት ቱቦ ወደ አንጀት በሚገባበት ቦታ የበቀለን ዕጢ ቆርጦ አወጣ። በ1909 በበርሊን ዋልተር ካውሽ ሥራውን በሁለት ጊዜ ከፍሎ በተሳካ ሁኔታ ፈጸመ፤ ሪፖርቱን በ1912 አሳተመ። በ1935 ደግሞ የኒው ዮርኩ አለን ዊፕል ከባልደረቦቹ ጋር የሦስት ታማሚዎችን ታሪክ አቀረበ፤ ቀዶ ሕክምናውም እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል።

በሁለት ጊዜ መከፈሉ ምክንያት ነበረው። ሐሞቱ የተዘጋበት ሰው ቫይታሚን ኬ ከምግቡ መሳብ ስለሚያቅተው ደሙ አይረጋም፤ በመጀመሪያ ሐሞቱ መንገድ እንዲያገኝ ይደረግና ሰውነቱ ካገገመ በኋላ ዕጢው ይወጣል። በ1930ዎቹ ማብቂያ ቫይታሚን ኬ በሕክምና ሲገኝ ሥራውን በአንድ ጊዜ መፈጸም ተቻለ። ሆኖም ዊፕል ራሱ በሕይወቱ ሙሉ የሠራቸው 37 ብቻ ናቸው። ሥራው እጅግ ከባድ፣ ታማሚውም ጥቂት ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት 30 ዓመታት አሳዛኝ ነበሩ። በብዙ ሆስፒታሎች ከአራት ወይም ከአምስት ታማሚዎች አንዱ ከቀዶ ሕክምናው ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞት ነበር። በ1970 የክሊቭላንዱ ጆርጅ ክራይል ልጁ ዕጢውን ለማውጣት ከመሞከር ይልቅ ሐሞቱን በሌላ መንገድ አዙሮ ማሳለፍ ለታማሚው ይበጃል ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ተስፋ መቁረጥ ቢመስልም በሒሳብ የተደገፈ ነበር፤ ሊያድን የተሞከረው ሥራ በሽታው ከሚገድለው በፊት እየገደለ ከሆነ ሐኪም ምን መብት አለው?

ሁለት ዓይነት ቆጠራ

ዊፕል ሪፖርቱን ያቀረበበት ዓመት በሌላ መዝገብ ላይም ይገኛል። በ1941 የኮነቲከት ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት በግዛቱ ነዋሪዎች ላይ የሚገኘውን ካንሰር ሁሉ መመዝገብ ሲጀምር ወደ ኋላ ሄዶ ከ1935 ጀምሮ የነበሩትን ታማሚዎች ሰበሰበ። በ1942 ዴንማርክ አገር አቀፍ መዝገብ አቆመች፤ ሌሎቹ የስካንዲኔቪያ አገሮች ተከተሉ። አሜሪካ ኮነቲከትንና ሌሎች ክልሎችን ያቀፈውን የፌዴራል የካንሰር ክትትል ፕሮግራም የጀመረችው በ1973 ነው።

በሆስፒታል ቆጠራና በክልል ቆጠራ መካከል ያለው ልዩነት በአካፋዩ ላይ ነው። ሆስፒታል «ካከምናቸው ውስጥ ስንቱ ቆዩ?» ብሎ ይጠይቃል። የክልል መዝገብ ደግሞ «በዚህ ምድር ከሚኖሩት ከታመሙት ውስጥ ስንቱ ታከሙ፣ ስንቱስ ቆዩ?» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ምላሽ በቀላሉ ያምራል፤ የከበደውን ታማሚ አለመቀበል ብቻ ውጤቱን ያሻሽለዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ይህን መሸሻ አይሰጥም።

በ1987 ጉድዮንሰን የተባሉ ሐኪም የ50 ዓመት የቆሽት ቀዶ ሕክምና ጽሑፎችን ሰብስበው ሲመረምሩ የታተመው ተስፋና የታማሚዎቹ ጠቅላላ ቁጥር እንደማይመጣጠኑ አሳዩ። አንዳንድ ተራፊዎች በተለያዩ ጽሑፎች ተደጋግመው ተቆጥረዋል፤ ሳይታከሙ የቀሩት ከአካፋዩ ወጥተዋል። የታመሙት ሁሉ ሲታሰቡ አምስት ዓመት የቆዩት ከ100 አንድ እንኳ አልሞሉም። ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ተቆጥተው ነበር፤ ነገር ግን የጥያቄው አቀራረብ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ሜሪላንድ፦ የዋጋ ኮሚሽን የሰጠው ያልታሰበ ስጦታ

የሜሪላንድን ሁኔታ ልዩ ያደረገው ስለ ካንሰር ያልወጣ ሕግ ነው። የግዛቲቱ ምክር ቤት በ1971 የሆስፒታል ዋጋን የሚወስን ኮሚሽን አቋቋመ፤ ኮሚሽኑ በ1974 ዋጋ መተመን ጀመረ፤ በ1977 የፌዴራል መንግሥትም ለአረጋውያን መድን በዚሁ ተመን እንዲከፍል ተስማማ። መርሁ ቀላል ነው፦ በአንድ ሆስፒታል ለአንድ ዓይነት አገልግሎት የግል መድን ያለውም፣ የመንግሥት መድን ያለውም በተቀራራቢ ዋጋ ይታከማል። ይህን ተመን ለማውጣት ሆስፒታሎች ስለሚያሰናብቱት እያንዳንዱ ታማሚ ወጥ የሆነ መረጃ ለኮሚሽኑ ማስገባት ነበረባቸው። ስለ ገንዘብ የተሰበሰበው መዝገብ ማን የት ቀዶ ሕክምና እንዳገኘና ማን በሆስፒታል እንደ ሞተ ያሳይ ጀመር።

በዚያው ዘመን በጆንስ ሆፕኪንስ ጆን ካሜሮን የሚባል ቀዶ ሐኪም ሥራውን በቋሚነት ይዞት ነበር። በ1993 ከባልደረቦቹ ጋር 145 ተከታታይ ታማሚዎች ያለ አንድ ሞት መታከማቸውን አሳተመ። በኋላም በአንድ እጅ የተሠሩ 1,000 ቀዶ ሕክምናዎችን ታሪክ አቀረበ፤ በ1970ዎቹ በአማካይ 8.8 ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሥራ በ2000ዎቹ 5.5 ሰዓት ሆኗል።

ይህ ገና የአንድ ሆስፒታል ታሪክ ነው። ወደ ክልል ታሪክነት የለወጡት ቶቢ ጎርደንና ባልደረቦቿ ናቸው። በ1995 ባሳተሙት ጥናት ከ1988 እስከ 1993 አጋማሽ በሜሪላንድ የተደረጉትን ቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ ከኮሚሽኑ መረጃ አወጡ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው በጆንስ ሆፕኪንስ የተሠራ ነበር፤ የቀረውን 38 ሆስፒታሎች ተካፍለውታል፤ ለእያንዳንዳቸው በአማካይ በዓመት አንድ ያህል ይደርሳል ማለት ነው። በሆስፒታል ውስጥ የሞቱት በጆንስ ሆፕኪንስ ከ100 ታካሚዎች 2.2፣ በሌሎቹ 13.5 ነበሩ። ክፍያውም በብዙ በሚሠራው ሆስፒታል ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ያልተወሳሰበ ማገገም ርካሽ ነውና።

ሁለተኛው ጥናት በ1998 ወጣ፤ ለዚህ ጽሑፍ ዋናው እርሱ ነው። ከ1984 እስከ 1995 በግዛቲቱ 43 ሆስፒታሎች የተደረጉትን 795 ቀዶ ሕክምናዎች ይመለከታል። በዘመኑ መጀመሪያ የጆንስ ሆፕኪንስ ድርሻ 20.7 በመቶ ነበር፤ በመጨረሻው 58.5 በመቶ ደረሰ። በዚያው ጊዜ በመላው ግዛቲቱ የነበረው የሆስፒታል ሞት ከ17.2 ወደ 4.9 በመቶ ወረደ። ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት ከቅናሹ 61 በመቶው የመጣው ታማሚዎች ወደ አንድ ማዕከል በመዛወራቸው ነው።

ይህ ቁጥር የሚለው ነገር ሊጤን ይገባል። የሜሪላንድ ሕዝብ ከቀዶ ሕክምና ሞት የዳነው በአብዛኛው አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ መሣሪያ ስለ ተገኘ አይደለም፤ ሰዎች የሚታከሙበት ቦታ ስለ ተቀየረ ነው። ያስገደደ ሕግም አልነበረም። ሐኪሞች ውጤቱን አይተው ላኩ፤ ታማሚዎች ሰምተው ሄዱ።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የጥናቱ ጸሐፊዎች ከዚያው ከአሸናፊው ሆስፒታል ነበሩ። ይህ ግኝቱን አይሽረውም፤ በ2002 በርክማየርና ባልደረቦቹ በመላው አሜሪካ የአረጋውያን መድን መረጃ ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል፦ እጅግ ጥቂት በሚሠሩ ሆስፒታሎች ከ100 ታካሚዎች 16.3፣ እጅግ ብዙ በሚሠሩት 3.8 ሞተዋል። ኔዘርላንድም ቀዶ ሕክምናውን ወደ ጥቂት ሆስፒታሎች ስታሰባስብ ከ2004 እስከ 2009 የሆስፒታል ሞት ከ9.8 ወደ 5.1 በመቶ ወርዷል፤ በኋላም በዓመት ቢያንስ 20 የማይሠራ ሆስፒታል ሥራውን እንዳይነካ ደንብ አወጣች። ሁለተኛውና ጠንካራው ጥንቃቄ የሜሪላንድ መረጃ የቆጠረው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን መሆኑ ነው። ስለ ሰማንያው አሁንም ዝም ይላል።

የብዛት ምስጢር

ብዙ መሥራት ለምን ሞትን ይቀንሳል? የመጀመሪያው መልስ የእጅ ልምድ ነው፤ ነገር ግን በቂ አይደለም። ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ በዋናነት የሚፈራው የተቆረጠው ቆሽት ከአንጀት ጋር የተሰፋበት ቦታ ማፍሰሱ ነው። የሚያፈስሰው ፈሳሽ ምግብ ለመፍጨት የተሠራ ስለሆነ ያገኘውን ሥጋ ይበላል፤ የደም ሥር ከደረሰ ድንገተኛ መድማት ይከተላል። ይህ አደጋ በታላላቅ ማዕከላትም ይደርሳል፤ ሞትን የሚቀንሰው አደጋው ከደረሰ በኋላ ያለው ርብርብ ነው።

በ2009 ጋፈሪና ባልደረቦቹ በአጠቃላይ ቀዶ ሕክምናዎች ላይ ባደረጉት ጥናት የብዙ ሞት ሆስፒታሎችና የጥቂት ሞት ሆስፒታሎች የሚያጋጥማቸው የችግር መጠን የተቀራረበ ነበር፤ ሞታቸው ግን በእጥፍ ይለያይ ነበር። ልዩነቱ የመጣው ከመታደግ አቅም ነው። በሌሊት ትኩሳቱን አይታ ዝም የማትል ነርስ፣ በዚያው ሌሊት በሲቲ ስካን አይቶ ፈሳሹን በቱቦ የሚያወጣ ባለሙያ፣ የደም ባንክ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚሠራ ሆስፒታል ጥሩ ቀዶ ሐኪም ሊኖረው ይችላል፤ ይህን ሁሉ ሰንሰለት ዘወትር ዝግጁ አድርጎ ማቆየት ግን አይሆንለትም።

ያልደረሱት

ሰማንያው ከታሪኩ እንዳይወጡ ሁለት ነገሮችን ማየት ይገባል። አንደኛው መድኃኒት ነው። በ1997 ጄምሲታቢን የተባለው መድኃኒት ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር የግማሾቹን ታማሚዎች ዕድሜ ከ4.41 ወደ 5.65 ወር አሳደገ፤ ዓመት የቆዩትም ከ2 ወደ 18 በመቶ ከፍ አሉ። በ2011 አራት መድኃኒቶችን ያጣመረው የፈረንሳዮች ሕክምና 11.1 ወር አስመዘገበ። በ2018 ይኸው ጥምረት ተስተካክሎ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሲሰጥ መካከለኛው ዕድሜ 54.4 ወር ደረሰ። እነዚህ እውነተኛ ድሎች ናቸው። ሆኖም በሙከራ የሚሳተፉት ተመርጠው፣ ጉልበት ያላቸው፣ ወደ ከተማ ሆስፒታል መመላለስ የሚችሉ ሰዎች ናቸው፤ በክልል መዝገብ ያለው ሕዝብ በዕድሜ የገፋና የደከመ ነው። በአሜሪካ መዝገብ አምስት ዓመት የሚቆዩት በ1970ዎቹ አጋማሽ ከ100 ሦስት ነበሩ፤ አሁን 13 ያህል ናቸው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት የተገኘው ይህ ነው።

ሁለተኛው፣ መድኃኒትም ሆነ ቀዶ ሕክምና እያለ ያልተሰጣቸው ናቸው። በ2007 ቢሊሞሪያና ባልደረቦቹ ከ1995 እስከ 2004 ካንሰራቸው ገና በመጀመሪያ ደረጃ ሳለ የተገኘባቸውን 9,559 አሜሪካውያን ተመለከቱ። ከእነዚህ 71.4 በመቶው ቀዶ ሕክምና አላገኙም። በከፊል ዕድሜና ሌላ ሕመም አግዷቸዋል፤ አንዳንዶች ራሳቸው እምቢ ብለዋል። 38.2 በመቶው ግን ምንም የታወቀ ምክንያት ሳይኖር ሐሳቡ እንኳ አልቀረበላቸውም። ይህ የደረሰባቸው በብዛት አረጋውያን፣ ጥቁሮች፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነና የመንግሥት መድን ያላቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሕክምናን በአንድ ማዕከል ማሰባሰብ ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። ማዕከሉ የገቡትን ያድናል፤ ወደ ማዕከሉ የሚያደርሰው መንገድ ለሁሉም እኩል ካልተጠረገ ግን ያው ማዕከል ልዩነቱን ሊያሰፋው ይችላል።

እኛ በየትኛው ዓምድ ነን?

በሜሪላንድ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ፤ ግን አይታይም። በአሜሪካ የካንሰር መዝገብ የሚመዘገበው በዘር ምድብ ነው፤ የትውልድ አገር የሚሞላበት ቦታ ቢኖርም ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናትና ቤተሰቧ ለሦስት መቶ ዓመት በባልቲሞር የኖረ ሴት በአንድ ዓምድ ይቆጠራሉ። የሚያጋጥማቸው እንቅፋት ግን የተለያየ ነው፦ የአንዷ ቋንቋና የስደት ወረቀት፣ የሌላይቱ ደግሞ በትውልድ የተከማቸ በደል ነው። የማኅበረሰባችን የሕክምና ባለሙያዎችና የመብት ተሟጋቾች ሊጠይቁት የሚችሉት ቀላልና ተጨባጭ ነገር የትውልድ አገርና የመነጋገሪያ ቋንቋ በሆስፒታሎች በትክክል እንዲሞላ ነው። ያልተቆጠረ ሰው በበጀት ክርክር ላይ ወንበር የለውም።

ወደ አገር ቤት ስንመለከት ሌላ ጥያቄ ይነሳል። የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር መዝገብ በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ በኢትዮጵያ በሕዝብ ላይ የተመሠረተ የካንሰር ቆጠራ በር የከፈተ ሥራ ነው። የቆሽት ካንሰርን በመሰለ በሽታ ግን መዝገቡ የሚያየው ምርመራው ያገኘውን ብቻ ነው። ሲቲ ስካን በሌለበት ታማሚው «በወፍ በሽታ» ወይም «በጉበት» ሞተ ተብሎ ይቀበራል፤ በመዝገቡም ላይ በሽታው ብርቅ ይመስላል። የቁጥር ማነስ የበሽታ ማነስ እንዳልሆነ ከኮነቲከት ጀምሮ የመዝገብ ሰዎች ሁሉ የተማሩት ነው።

በዲያስፖራው ዘንድ ሆስፒታል የመገንባት፣ መሣሪያ የመላክ፣ የቀዶ ሐኪሞች ቡድን ይዞ የመሄድ ምኞት ብርቱ ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል። የሜሪላንድ ተሞክሮ ለዚህ ምኞት ሦስት ነገር ይመክራል። እንዲህ ያለው ከባድ ሥራ በየከተማው ቢበተን ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ጥቂት ማዕከላት ላይ ሙሉው የመታደግ ሰንሰለት ይዘርጋ። ከማዕከሉ እኩል የመላኪያ መንገዱ ይታሰብ፤ ሜሪላንድ ትንሽ ግዛት ናት፣ ከአብዛኛው ክፍሏ ባልቲሞር በመኪና ጥቂት ሰዓት ነው፤ ከጋምቤላ ወይም ከጎዴ አዲስ አበባ እንዲህ አይቀርብም፤ የትራንስፖርትና የማረፊያ ወጪ የሕክምናው አካል ነው። ለሰማንያውም ይታሰብ፦ የተዘጋውን ሐሞት በቱቦ መክፈት፣ ሕመምን በሞርፊን ማስታገስ፣ በክብር መሞትን ማገዝ ከዊፕል ቀዶ ሕክምና እጅግ ርካሽ ናቸው፤ የሚደርሱትም ለብዙዎች ነው። ክራይል በ1970 ያነሳው ክርክር ዛሬ በባልቲሞር ተረትቷል፤ የመታደግ ሰንሰለቱ ባልተዘረጋበት ቦታ ሁሉ ግን አልተረታም።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን መቁጠር ይቀድማል። ሜሪላንድ ሕዝቧን ያዳነችበትን መንገድ ያወቀችው የዋጋ ኮሚሽኗ ለሌላ ጉዳይ ሁሉንም ሆስፒታል ይቆጥር ስለነበር ነው። ያ መዝገብ ባይኖር ጆንስ ሆፕኪንስ ስለ 145 ታማሚዎቹ ይተርክ ነበር፤ በሌሎቹ ሆስፒታሎች ከሰባት ታካሚ አንድ ያህል እየሞተ መሆኑን የሚያውቅ ግን አይኖርም ነበር። በቤተሰባችን ይህ በሽታ ሲገባ የሚቀድመው ጥያቄ «ይህ ሆስፒታል በዓመት ስንት ይሠራል?» የሚለው መሆን አለበት፤ ይህንን መጠየቅ ሐኪሙን መድፈር አይደለም። እንደ ማኅበረሰብ ደግሞ የሚቀድመው «ከእኛ ስንቱ ወደዚያ ደረሰ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን የሚመልስ መረጃ ዛሬ በሜሪላንድ አለ። ሁለተኛውን የሚመልስ ግን የለም፤ እስካልጠየቅነውም ድረስ አይኖርም።